ቡችላን ማታ በሳጥን ማስተኛት፦ ለድሬ ሙቀት፣ ለሐረር ሌሊት

ቡችላ የተኛበትን ማርጠብ አይወድም። ሳጥን የሚሠራው በዚህ ጠባዩ ነው፤ ቦታው ልኩ ከሆነ እስክታወጡት ይታገሣል፣ ከሰፋው ግን አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል። ሲቆም ጆሮው ጣሪያ ካልነካ፣ መዞርና እግሩን ዘርግቶ መተኛት ከቻለ ይበቃዋል። መካከለኛ ቁመት ለሚኖረው ውሻ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 65 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ሳጥን አንዴ አሠርታችሁ በጣውላ ክፈሉት። ለሁለት ወር ቡችላ ግማሹን ስጡት፤ ሲያድግ ጣውላውን ወደ ኋላ ግፉ።

ብየዳ ቤት ስታሠሩ የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ንገሯቸው፤ ከሰፋ መንጋጋው ወይም እግሩ ይያዛል። ስትረከቡ እጃችሁን በውስጥ በኩል በየማዕዘኑ አሻሹ። የብየዳ ጠብታ እጃችሁን ከጫረ እሱንም ይጭረዋል፣ በሞረድ ይስተካከል። ቀለም ከተቀባ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አየር ላይ አቆዩት፤ ቡችላ ሽቦውን መላሱ አይቀርም።

ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ በድሬ፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ዙሪያው የተደፈነ የፕላስቲክ ሳጥን አትጠቀሙ። አራቱም ጎን ሽቦ ይሁን፣ ሳጥኑም ሊሾው ላይ በቀጥታ ይቀመጥ። ቆርቆሮ ጣሪያ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታም ስለሚያወርድ ከመስኮት አጠገብ አድርጉት። አንድ ሃይላንድ ውኃ በረዶ አስይዛችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከሽቦው ውጭ አስደግፉለት፤ ቀዝቀዝ ሲለው ራሱ ይጠጋዋል። ቬንትሌተር ካለ ገመዱ ጥርሱ ከሚደርስበት ይራቅ። ምላሱ ረዝሞ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ሲቆም ከተንገዳገደ ግን ሙቀት መትቶታል፤ ሆዱንና መዳፉን በቀዝቃዛ ውኃ እያረጠባችሁ፣ በረዶ ሳትነኩት፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።

ሐረር ነገሩ ይገለበጣል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከሳጥኑ ሥር ሰሌን ወይም ጣውላ ያስፈልጋል፤ ጅብም በየሰፈሩ ያልፋል። ቡችላ በረንዳ ላይ አይደር፣ የትኛውም ሽቦ የጅብን መንጋጋ አይመክትም። ሳጥኑ ከተዘጋ በር ጀርባ ይሁን። ለሽንት ስታወጡትም በገመድ ይዛችሁ፣ ከግቢ ሳትወጡ፣ መጀመሪያ ባትሪ አብርታችሁ ጥጋጥጉን አይታችሁ ነው። ውሻ እቤት በማይገባበት ቤተሰብ ደግሞ ከዋናው ቤት የተለየች፣ በሯ የሚዘጋ ክፍል ትበቃለች፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ሌሊቶች ግን አንድ ሰው እዚያው ይደር።

ለመኝታ የጥጥ ሽርጥ አራት አጥፋችሁ አንጥፉ። ስፖንጅና ማዳበሪያ ጆንያ አይሆኑም፤ እየቦጨቀ ይውጠዋል፣ አንጀቱም ይዘጋል። ከመውሰዳችሁ በፊት ሽርጡን በእናቱና በወንድሞቹ ላይ አሻሹትና ሳይታጠብ አምጡት። ለመጀመሪያው ሌሊት ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ማታ ማታ አውልቁ፣ ሽቦ ከያዘው ያንቀዋል።

ከማታው በፊት ሦስት አራት ቀን በቀን አለማምዱት። በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡን ውስጥ ይብላ። በመካከሉ የሽምብራ ፍሬ የምታህል የተቀቀለ ጉበት ወይም የግመል ሥጋ ጣሉለት፤ ሲገባ በሩን 10 ሴኮንድ ዝጉ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት። ጥሬ ሆድ ዕቃ አትስጡ፣ የሚያመጣው ትል ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋል። ገረባም፣ ማለት የጫት ትራፊ፣ ከወለል ላይ ጥረጉ። ጫት ያኘከ ቡችላ ልቡ እየመታ ያድራል እንጂ አይተኛም።

እራቱን 12 ሰዓት ላይ ይብላ። ውኃ በድሬ ሙቀት አይከለከልም፤ ከ3 ሰዓት ወዲህ ብቻ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ስጡት። 4 ሰዓት ላይ ሽንቱን አሸንታችሁ አስገቡትና ሳጥኑን ከአልጋችሁ አጠገብ፣ እጃችሁ በሚደርስበት አኑሩ። የሁለት ወር ቡችላ ሌሊት የሚችለው ሦስት ሰዓት ያህል ነው። እሱ እስኪጮህ አትጠብቁ፤ ስልካችሁን ለ7 ሰዓትና ለ10 ሰዓት ሙሉ። ተሸክማችሁ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ አውጡት፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ሲጨርስ ቀስ ብላችሁ «ጎበዝ» በሉት፤ ገና ሲጀምር ካሞገሳችሁት ያቋርጥና የቀረውን ሳጥኑ ውስጥ ይለቀዋል። ጨዋታ፣ መብራት፣ ወሬ የለም።

ለቅሶውን መለየት ዋናው ሥራ ነው። እንደገባ የሚያሰማው ማልቀስ ከፍ ዝቅ እያለ አብዛኛውን ጊዜ በ10፣ በ15 ደቂቃ ይከስማል፤ ጣታችሁን በሽቦው አስገብታችሁ ያሽትት እንጂ አታውጡት። ተኝቶ ቆይቶ የነቃ፣ የሚሽከረከርና ወለሉን የሚቧጭር ግን ሽንት ይዞታል፣ ወዲያው አውጡት። የንጋት አዛን ሲጀምር የሰፈር ውሾች አብረው ያላዝናሉ፣ ቡችላውም ይከተላል። 10 ሰዓት ላይ ከሸና ይህ ጩኸት የሽንት አይደለም፤ እጃችሁን ሳጥኑ ላይ አድርጋችሁ አቆዩት። ለሃጭ እያዝረበረበ ሽቦውን የሚነክስ፣ መዳፉ የደማ ቡችላ ደግሞ በድንጋጤ ላይ ስለሆነ «ይለምደዋል» ተብሎ አይተውም። አውጡት፣ በማግስቱ የቀኑን ልምምድ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ለጥፋት ቅጣት ሳጥን ውስጥ ማስገባትም የለፋችሁበትን ሁሉ ያፈርሳል።

ካረጠበ አትቆጡት። በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ አቼቶና ውኃ እኩል አድርጋችሁ ወልውሉ። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለሳንባ መጥፎ የሆነ ጋዝ ያወጣል። ተቅማጡ ውኃ ከሆነ ወይም ደም ካለበት ጉዳዩ የሥልጠና አይደለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሦስት ሌሊት በተከታታይ ደርቆ ሲያድር የ7 ሰዓቱን በ15 ደቂቃ አዘግዩ፤ ሁለቱ ሰዓቶች እየተቀራረቡ አንድ ይሆናሉ። ሦስት ወር ላይ ለብዙዎቹ አንድ ጊዜ መውጣት ይበቃል፣ አራት ወር ላይ ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚችሉ አሉ። ከዚያ ሳጥኑን በየሁለት ሌሊቱ አንድ እርምጃ ከአልጋው አርቁት። ለቅሶው ከተመለሰ አንድ እርምጃ መልሱና ሦስት ሌሊት ቆዩ።