ጂሲሲ ስለ ስትሪንግ ኮፒ ሲጮህ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

በሲ ቋንቋ የተጻፈው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ለዓመታት ያለ ኮሽታ ሲገነባ ኖሯል። አንድ ቀን ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው) ታደሰ፤ ስክሪኑ በዋርኒንግ፣ ማለትም በማስጠንቀቂያ፣ ተሞላ። ኮዱን ማንም አልነካውም። ታዲያ ምን መጣ?

የተለወጠው ጂሲሲ የሚባለው የሲ ኮምፓይለር ነው። በ2017 የወጣው ጂሲሲ 7 እና በ2018 የወጣው ጂሲሲ 8 ድሮ በዝምታ ያልፉት የነበረውን ማየት ጀመሩ። ስትሪንግ (ጽሑፍ) ሲገለበጥ የሚገባበት መድረሻ ስንት ባይት እንደሚይዝ፣ የሚገለበጠው ምንጭ እስከ ስንት ሊረዝም እንደሚችል ያሰላሉ። ካልተመጣጠነ ይናገራሉ።

እኔም አንድ የወረስኩት የሲ ላይብረሪ ላይ ደርሶብኛል። በመጀመሪያው ቀን ዋርኒንጉን ለማጥፋት ስሯሯጥ ያልነበረ ስህተት ጨመርኩ። የትኛውን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የፈንክሽኖቹን ስም በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው፦ ስትርኮፒ (ስትሪንግ የሚገለብጥ)፣ ስትርኤንኮፒ (በባይት ገደብ የሚገለብጥ)፣ ሜምኮፒ (የተባለውን ያህል ባይት የሚገለብጥ)፣ ኤስኤንፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ ገጣጥሞ በገደብ የሚጽፍ)።

አንድ ነገር አስቀድሙ። «እኔ ማሽን ላይ ዋርኒንግ የለም» የሚል ባልደረባ ካላችሁ በምን እንደሚገነባ ጠይቁት። ከእነዚህ ዋርኒንጎች ብዙዎቹ በደንብ የሚታዩት ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን የማፍጠን ሥራ) ሲበራ ነው፤ ኮምፓይለሩ የእሴቶችን መንገድ የሚከታተለው ያኔ ነውና። ስለዚህ ሁላችሁም ኦፕቲማይዜሽን በሚያበራው በ«ኦ2» እና ዋርኒንግ በሚያበራው በ«ደብሊው-ኦል» ገንቡ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ አንድ ነገር የምታወሩት።

ምልክት፦ «ገደቡ ከመድረሻው መጠን ጋር እኩል ነው»

ኮዱ ይህን ይመስላል፦

ስትርኤንኮፒ(ስም፣ ምንጭ፣ ሳይዝኦፍ(ስም));

ሳይዝኦፍ የመድረሻውን መጠን በባይት ይሰጣል። መንስኤው ስትርኤንኮፒ ራሱ ነው። ብዙዎቻችን የስትርኮፒ አስተማማኝ ወንድም ነው ተብለን ተምረናል። አይደለም። የድሮው ዩኒክስ የፋይል ስምን 14 ባይት በሆነ ቋሚ መስክ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ስሙ ካጠረ ቀሪው በዜሮ ይሞላል። ልክ 14 ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ ዜሮ የለም። አያስፈልግም፤ ርዝመቱ ይታወቃላ! ስትርኤንኮፒ የተሰፋው በዚያ መስክ ልክ ነው። እኛ ነን ለተራ ስትሪንግ ያለበስነው።

ስለዚህ ምንጩ ከረዘመ የስትሪንጉን ማብቂያ የሚያሳየውን ዜሮ ባይት አያኖርላችሁም። አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር በሉት። አንባቢው የት እንደሚቆም ስለማያውቅ ቀጥሎ ያለውን ሜሞሪ እያነበበ ይነጉዳል። ምንጩ ካጠረ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ 4096 ባይት ባፈር (የሜሞሪ ማስቀመጫ) ላይ 5 የላቲን ፊደል ስትገለብጡ ቀሪውን 4091 ባይት በሙሉ በዜሮ ይሞላል። ይህ ሉፕ ውስጥ ሲገባ ያስታውቃል።

አጭሩ መፍትሄ ሁለት መስመር ነው፦

ስትርኤንኮፒ(ስም፣ ምንጭ፣ ሳይዝኦፍ(ስም) - 1);
ስም[ሳይዝኦፍ(ስም) - 1] = 0;

ሁለተኛው መስመር ወዲያው ይከተል። መሃል ላይ ሌላ ነገር ከገባ ጂሲሲ ላያስተውለው ይችላል። ባፈሩን ቀድመው በዜሮ አጥበው አንድ ባይት ቀንሰው የሚገለብጡም አሉ። ኮዱ ትክክል ነው፤ ዋርኒንጉ ግን አንዳንዴ አይጠፋም። አትከራከሩት፣ ዜሮዋን ከኮፒው በኋላ ድገሟት።

ይህ ግን ግማሽ መፍትሄ ነው። ስትሪንጉ አሁን ይዘጋል፤ የተቆረጠ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። ዋርኒንጉ በእውነት የሚጠይቃችሁ «ካልበቃስ ምን ይሁን?» ብሎ ነው። በዩኒክስ ሶኬት (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር) አድራሻ ውስጥ ያለውን የፓዝ (የፋይል መገኛ) መስክ እዩ፤ ሊኑክስ ላይ 108 ባይት ነው። ተጠቃሚው 120 ባይት ፓዝ ቢሰጣችሁ እና ቆርጣችሁ ብትቀጥሉ፣ እሱ ያላሰበው ፋይል ላይ ሶኬት ትከፍታላችሁ። የኔትወርክ ካርድ ስምም 16 ባይት ነው፣ ዜሮውን ጨምሮ። እዚያም ቆርጦ መቀጠል ሌላ ካርድ መንካት ሊሆን ይችላል። ላይብረሪ ስትጽፉ መልሱ ስህተት መመለስ ነው፤ «ስሙ ረዝሟል» ብላችሁ ለጠሪው ንገሩት። መቁረጥ የሚያምረው ለሎግ መልእክትና ለስክሪን ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለላይብረሪ ኮድ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ መጀመሪያ በስትርሌን ርዝመቱን ለኩ። ከመድረሻው መጠን ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ስህተት መልሱ። ካልሆነ ርዝመት ሲደመር 1 ባይት በሜምኮፒ ገልብጡ። ዜሮዋ አብራ ትመጣለች። ሦስት መስመር ነው፣ ያነበበው ሁሉ ይገባዋል፣ ኮምፓይለሩም ዝም ይላል።

ምልክት፦ «ገደቡ በምንጩ ርዝመት ላይ የተመሠረተ ነው»

አንዱ ስትርኤንኮፒ(መድረሻ፣ ምንጭ፣ ስትርሌን(ምንጭ)) ብሎ ጽፏል። ይህ ገደብ አይደለም። የጀሪካኑን መጠን ሳያዩ በቧንቧው ውሃ ልክ መቅዳት ነው። በዚያ ላይ ስትርሌን ዜሮዋን ስለማይቆጥር ስትሪንጉ ሁልጊዜ ሳይዘጋ ይቀራል። መፍትሄው ከላይ ያለው ነው፤ ገደብ ሁልጊዜ ከመድረሻው ይምጣ።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ አለ። ፈንክሽናችሁ መድረሻውን በፖይንተር (በሜሞሪ አድራሻው) ተቀብሎ ውስጥ ሳይዝኦፍ(መድረሻ) ካለ፣ የምታገኙት የባፈሩን መጠን አይደለም። የፖይንተሩን ነው፤ በ64 ቢት ማሽን 8። ጂሲሲ ይህንንም ይናገራል። መፍትሄው ያለው ፈንክሽኑ ውስጥ ሳይሆን ደጃፉ ላይ ነው፦ ፈንክሽኑ መጠኑን እንደ አንድ አርጉመንት ይቀበል። የቆየ ላይብረሪ ከሆነ የድሮውን ስም ሳትነኩ አዲስ ፈንክሽን ጨምሩ፤ ካልሆነ የሚጠቀሙባችሁን ሁሉ ታስለቅሳላችሁ።

ምልክት፦ «ውጤቱ ሊቆረጥ ይችላል»

ብዙ ጊዜ ኤስኤንፕሪንትኤፍ ላይ ነው፣ ዳይሬክተሪና የፋይል ስም በአንድ ስትሪንግ ሲገጣጠሙ። ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም መስኩ 256 ባይት ነው፤ የእናንተ ባፈርም 256 ከሆነ ዳይሬክተሪው የት ይግባ?

ኤስኤንፕሪንትኤፍ ዜሮዋን ያኖራል፣ እዚያ ላይ ይመሰገናል። የሚመልሰው ቁጥር ደግሞ ቦታ ቢኖር ኖሮ ሊጽፈው የነበረው ርዝመት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ቁጥር እንጥለዋለን፤ ዋርኒንጉ የሚመጣውም በዚሁ ነው። ተቀበሉት። ከ0 ካነሰ ወይም ከባፈሩ መጠን ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ስህተት መልሱ። በተለመደው ደረጃ ጂሲሲ የሚናገረው የተመለሰው ቁጥር ሥራ ላይ ካልዋለ ነው፤ ስለዚህ ስትፈትሹት አብሮ ይጠፋል።

ምልክት፦ መስኩ በእርግጥም ዜሮ የማያስፈልገው ከሆነ

ይህኛው ብርቅ ነው ግን አለ። ማን መቼ ሎግኢን እንዳደረገ በሚመዘግበው የዩኒክስ መዝገብ የተጠቃሚ ስም መስኩ 32 ባይት ነው፤ ስሙ ከሞላው ዜሮ የለውም። እዚህ ስትርኤንኮፒ በትክክለኛ ቦታው ነው። መስኩን ስታውጁ «ኖንስትሪንግ» የሚባለውን የጂሲሲ አትሪቢዩት (መለያ) ለጥፉበት፤ ኮፒው ላይ መጮሁን ይተዋል። ቆይቶ አንዱ ያንን መስክ በስትርሌን ሊለካ ሲሞክር ደግሞ እሱን ይይዘዋል። በ2025 የወጣው ጂሲሲ 15 ባለ 4 ባይት አሬይ ላይ ባለ 4 የላቲን ፊደል ስትሪንግ ስትሞሉም መናገር ጀምሯል፤ መድኃኒቱ ያው ነው።

የማይፈውሱ ማስታገሻዎች

ቃል የገባሁት ስህተት ይኸው። ስትርኤንኮፒ(ስም፣ ምንጭ፣ 32) ይጮህ ነበር። ቃሉን ወደ ሜምኮፒ ቀየርኩት። ዋርኒንጉ ጠፋ፣ ደስ አለኝ። ግን ስትርኤንኮፒ ምንጩ ሲያልቅ ማንበብ ያቆማል፤ ሜምኮፒ አያቆምም። ምንጩ 5 ፊደል ሲሆን እንኳ 32 ባይት አንብቦ የጎረቤቱን ሜሞሪ ይዞ ይመጣል። ዋርኒንግ ለማጥፋት ብዬ እውነተኛ ቀዳዳ ከፈትኩ ማለት ነው።

ዋርኒንጉን በፕራግማ (ኮዱ ውስጥ ለኮምፓይለሩ በሚጻፍ ትዕዛዝ) ማፈንም አለ። ለአንድ መስመር፣ ምክንያቱን ኮሜንት ጽፋችሁ ከሆነ ይሁን። ለፋይሉ በሙሉ ከሆነ ግን የነገውን ዋርኒንግም ዛሬ እየቀበራችሁ ነው።

ማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ላይ የሚመጣው ሲ4996 ሌላ ዓይነት ነው። እሱ ርዝመት አያሰላም፤ ስትርኮፒን በስሙ ብቻ ይነቅፈዋል፣ በምትኩ ስትርኮፒኤስን ተጠቀሙ ይላል። ያ ፈንክሽን ጂሊብሲ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ውስጥ የለም። ኮዳችሁ ሁለቱም ቦታ የሚገነባ ከሆነ ከላይ ያለው የሜምኮፒ መንገድ ይሻላል።

ስትርኤልኮፒስ? ከኦፕንቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመጣ ነው። ዜሮዋን ያኖራል፣ የምንጩን ርዝመት ይመልሳል። ጂሊብሲ ያስገባው በ2023፣ በ2.38 ነው። ከዚያ በፊት ያለ ሲስተም ላይ ስለማታገኙት የራሳችሁን መያዝ ይኖርባችኋል። የሚመልሰውን ካልፈተሻችሁ ግን እሱም በዝምታ ይቆርጣል።

በአማርኛ ሲሆን ይከፋል

በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። «አዲስ አበባ» 6 ፊደልና 1 ክፍተት፣ በድምሩ 19 ባይት፣ ከዜሮዋ ጋር 20። 16 ባይት ባፈር ላይ 15 ገልብጣችሁ ብትዘጉት «አዲስ አ» ይገባል፣ ከዚያ የ«በ» ሁለት ባይት ብቻ። ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ታያላችሁ፤ ስትሪንጉን የሚቀበለው ፕሮግራም ጥብቅ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አልቀበልም ይላል። ኮምፓይለሩ ይህን አያይላችሁም። ለእሱ ሁሉም ባይት ነው።

መቁረጥ ግድ ከሆነ ከተቆረጠው ክፍል የመጀመሪያውን ባይት እዩ። የላይኞቹ ሁለት ቢቶቹ 10 ከሆኑ ፊደል መሃል ላይ ናችሁ። እንዲህ ያልሆነ ባይት እስክታገኙ አንድ አንድ እያላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ዜሮዋን እዚያ አኑሩ።

አርማችሁ ስትጨርሱ በአድሬስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት በሚይዘው መሣሪያ) ገንቡና ሦስት ርዝመት ሞክሩ፦ ከባፈሩ 1 ያነሰ፣ ልክ እኩል፣ 1 የበለጠ። አራተኛው «አዲስ አበባ» ይሁን፣ በ16 ባይት።