ቦይ መጥረግ ብቻ አልበቃንም፦ ጎርፉን ከላይ ያዝነው

በየዓመቱ የዝናቡ ወቅት ሳይገባ ቦያችንን እንጠርጋለን፤ ጎርፉ ግን ከደጃፋችን አይቀርም ነበር። ዘንድሮ አልገባም። ያደረግነውን ልጻፈው።

መጀመሪያ ሲያካፋ ወጥተን ውኃውን ሽቅብ ተከተልነው። ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ አፉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የብረት ፍርግርግ ነበረው፤ ቆሻሻው እንደ ግድግዳ ይለጠፍበት ነበር። አጋድመን ገጠምነው። አሁን ቆሻሻው ተገፍቶ ወደ ላይ ሲወጣ ውኃው ከሥሩ ያልፋል። (ፍርግርጉ ጨርሶ ይነሳ ያሉም ነበሩ፤ ቱቦው መሃሉ ላይ ቢደፈን ማን ሊገባበት ነው?)

ዋናው ጉዳይ ግን ተዳፋቱ ነበር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር በ1 ሄክታር ላይ ሲወርድ 300 ሺህ ሊትር ይሆናል። ከፊሉ ወደ መሬት ቢሰርግም የቀረው በአንዴ ከመጣ ቱቦው አይችለውም። ስለዚህ ተዳፋቱን ጎርፍ በሸረሸረው ቦረቦር ውስጥ የድንጋይ ክትር፣ ማለትም ውኃውን የሚያዘገይ አነስተኛ ግድብ፣ በየርቀቱ ሠራን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጎርፉ ጎን ለጎናቸው አፈሩን በልቶ አለፋቸው። መሃላቸውን ዝቅ አድርገን ሁለቱን ጫፎች ዳርና ዳር ባለው አፈር ውስጥ ስንቀብራቸው ጸኑ። ርቀታቸውን የወሰንነው የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ግርጌ ጋር እኩል እንዲሆን አድርገን ነው።

አሁን የቀረን ፍርግርጉን በተራ ማጽዳት ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ብቻ። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሆን ፈጣን ጎርፍ ሰው ይጥላል።