የካልሲ ኳስ፦ ከአሠራሩ እስከ መንደር ውስጥ ግጥሚያው

አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ፣ ጨርቆስ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ሰራተኛ ሰፈር ወይም መርካቶ ዙሪያ ላደገ ሰው የካልሲ ኳስ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። አሠራሩን ግን ብዙው ሰው ረስቶታል። የፒያሳና የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የሚያድጉት ልጆች ደግሞ የሚያውቁት ከሱቅ የተገዛውን ኳስ ብቻ ነው። የካልሲ ኳስ ገንዘብ ስለጠፋ ብቻ የተሠራ መተኪያ ተደርጎ ሲወራ ያሳዝናል። ለጠባብ መንገድ ከእሱ የተሻለ ኳስ የለም። ብዙ አይነጥርም፣ የቆርቆሮ አጥር ዘሎ አይሄድም፣ መስኮት በቀላሉ አይሰብርም፣ ምስማር ቢወጋው አይተነፍስም። ቁልቁለት ላይም እንደ ላስቲክ ኳስ እስከ ታችኛው ድልድይ አያስሮጥም። ይህን ሁሉ የሚያሟላው ግን በደንብ ከተሠራ ነው።

የሚያስፈልጉት አራት ረጃጅም የአዋቂ ካልሲዎች፣ ከስምንት እስከ አሥር ፌስታል፣ አንድ አሮጌ ሹራብ ወይም ካናቴራ፣ ወፍራም ክር፣ የጆንያ መርፌና ቁራጭ ሻማ ናቸው። ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የከመነዳሪ (አየር የሚሞላው የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው፤ ካልተገኘም ኳሷ ትሠራለች።

ካልሲውን በጥንቃቄ ምረጡ። ከሁሉም የሚመረጠው እስከ ጉልበት የሚደርሰው የኳስ ተጫዋች ካልሲ ነው፤ አንዱ ብቻ ኳሷን ሦስት ጊዜ ያለብሳታል። አጭር የተማሪ ካልሲ አንዴ ካለበሰ በኋላ ለሁለተኛው ስለማይደርስ ለውስጠኛው ሽፋን ይሁን። ስስ ናይሎን ካልሲ ከላይ አታድርጉ፤ አስፋልት ላይ በአንድ ቀን ይተለተላል። ጣቱ ወይም ተረከዙ የተቀደደ ካልሲ ችግር የለውም፤ ቀዳዳውን ቀድማችሁ ስፉትና ለመጀመሪያው ሽፋን ተጠቀሙበት።

ሥራው ከእምብርቱ ይጀምራል። ፌስታሎቹን አንድ በአንድ አየራቸውን አስወጡና አንዱን በአንዱ ላይ እያጨማደዳችሁ የሕፃን ልጅ ጭብጥ እስኪያክል ጠቅልሉ። ከዚያ ክሩን በሁሉም አቅጣጫ እያጠበቃችሁ እሰሩት። መሃሉ ፌስታል የሚሆነው ቀላል ስለሆነና ውሃ ስለማይጠጣ ነው። አንዳንዱ ሰው ጋዜጣ ይከታል፤ ጋዜጣ መጀመሪያ ጥሩ ይመስላል፣ ዝናብ ሲነካው ግን ሊጥ ይሆንና ኳሷ መሃሏ ይሰረጉዳል። ክብደት እንዲሰጥ ተብሎ ድንጋይ ወይም ጠጠር በፍጹም አይገባም። የእግር ጣት ይሰብራል፣ ጭንቅላት ላይ ካረፈም የባሰ ነው።

ሹራቡን ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ረጃጅም ጥብጣቦች ቅደዱት። የተዘረጋ ጨርቅ ስለሚታጠፍና ጉብታ ስለሚሠራ ሙሉውን ጨርቅ አትጠቅልሉ። ጥብጣቡን እየወጠራችሁ ሁለት ዙር ጠምጥሙ፣ ኳሷን ሩብ አዙሩ፣ ደግሞ ሁለት ዙር ጠምጥሙ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የተጠመጠመች ኳስ እንቁላል ትሆናለች፣ ስትመታም እየዞረች ወደ ጎን ትሸሻለች። ከመነዳሪ ካላችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት እያደረጋችሁ በመቀስ ቁረጡትና ከጨርቁ በላይ አንድ ሽፋን ጠምጥሙበት። ጎማው ጨርቁን ጨምቆ ይይዛል፣ ትንሽ ንጥረትም ይሰጣል። በዚህ ደረጃ የኳሷ ዙሪያ በገመድ ሲለካ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ካልሲዎቹ ሲጨመሩ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የትልቅ ሰው ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። የካልሲ ኳስ እዚያ ድረስ ካደገ ግን ሕፃን ሊያነሳው የማይችል ሸክም ይሆናል።

አሁን ካልሲው። ኳሷን እስከ ካልሲው ጣት ድረስ ግፏት። አንድ ሰው ኳሷን በሁለት እጁ ይያዝ፣ ሌላው የካልሲውን አንገት ከኳሷ ሥር ጨብጦ እስኪጠብቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠምዝዘው። የተጠመዘዘው ቦታ ሳይላቀቅ የቀረውን ካልሲ ገልብጣችሁ ኳሷ ላይ መልሱት። እንደገና ጠምዝዙ፣ እንደገና መልሱ፤ ካልሲው እስኪያልቅ ድረስ። የተጠመዘዘበት ቦታ ትንሽ ቋጠሮ ይሠራል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ካልሲ ከተቃራኒው በኩል የሚለብሰው፦ የመጀመሪያው ቋጠሮ በሁለተኛው ካልሲ ጣት ይሸፈናል። ሁሉም ቋጠሮ በአንድ ወገን ከተደራረበ ኳሷ እዚያ ቦታ ላይ ጉብ ትላለች። ስትንከባለል የምታነክስ ኳስ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የመጨረሻው ካልሲ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል። ክሩን እጥፍ አድርጉትና በሻማው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡት። ሰም የነካው ክር አይላላም፣ ቶሎም አይበሰብስም። ስፌቱ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይራራቅ። የክሩን ቋጠሮ ከውጭ አትተዉት። ድንጋይና አስፋልት መጀመሪያ የሚበላው ወጣ ያለውን ነገር ነው፤ ቋጠሮው ከተበላ ስፌቱ በሙሉ ይተረተራል። ጊዜ ያለው ሰው ኳሷን በሙሉ እንደ መረብ እያቋረጠ በሰፊ ስፌት ቢይዛት ዕድሜዋ በእጅጉ ይረዝማል።

ከወገብ ከፍታ ልቀቋት። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብላ ከነጠረች ተስተካክላለች። ጨርሶ ካልነጠረች ጨርቁ በዝቷል ወይም ጥምጥሙ ላልቷል። ሊሾ ወለል ላይም አንከባልሏት፤ ወደ አንድ ወገን ካጋደለች ያበጠውን ቦታ በእጃችሁ ፈልጉና በመርፌ ወጥራችሁ ስፉት።

ክረምት ላይ ኳሷ ውሃ ጠጥታ ትከብዳለች፣ በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ ለሚመታት ልጅም ቁርጭምጭሚት ታሳምማለች። በእግር ረግጣችሁ ጨምቋትና ሽቦ ላይ ሰቅላችሁ ፀሐይ አስመቷት። እሳት አጠገብ ግን አታስቀምጧት፤ ውስጧ ያለው ፌስታል ቀልጦ ይደድራል። ቦይ ውስጥ ከገባች የላይኛውን ካልሲ አውልቃችሁ በሳሙና እጠቡት፤ ያንን እጅ ሳይታጠቡ ዳቦ መያዝ በሽታ ነው።

ወደ ጨዋታው። ለጎል ሁለት ድንጋይ ይበቃል። በረኛ ከሌለ ስፋቱ አምስት ጫማ፣ በረኛ ካለ ከስምንት እስከ አሥር ጫማ ይሁን፤ የሁለቱንም ጎል የሚለካው ግን አንድ ልጅ ነው፣ የእግር መጠን ይለያያልና። አግዳሚ ስለሌለ ከፍታው ቀድሞ ይወሰን፦ ከጉልበት በላይ የገባ አይቆጠርም ብትሉ ጭቅጭቁ ግማሹ ያልቃል። ጎበዞቹ ሁለት ልጆች በየተራ እየመረጡ ቡድን ይሠራሉ። የአዲስ አበባ መንደር ሜዳ አይደለም፣ ሁሌም አንዱ ጎል ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ማብቂያው በጎል ይቆጠር፣ በአምስት ጎል ቦታ ተቀያይራችሁ በአሥር ጨርሱ። ካልተቀያየራችሁ ቁልቁል የሚጫወተው ቡድን ያለ ድካም ያሸንፋል።

የግንብ አጥር በጨዋታ ውስጥ ነው። ኳሷን አጋጭቶ መልሶ መቀበል ጠባብ መንገድ የሚያስተምረው ትልቁ ጥበብ ነው፤ ተጋጣሚን የሚያሳልፍ ሌላ ቦታ የለምና። የጭቃ ቤት ግድግዳ ግን ውጪ ይቆጠር። ልስኑ በየምቱ ይረግፋል፣ የሚያስለስኑትም የቤቱ ባለቤቶች ናቸው። «መኪና!» ሲባል ኳሷ ባለችበት ትቆማለች፣ ማንም አይነካትም። ጀሪካን የያዘች ሴት፣ አዛውንት፣ ምጣድ ወይም ከሰል የተሸከመ ሰው ሲያልፍም እንደዚያው።

ኳሷ ሰው ግቢ ከገባች አጥር አይዘለልም። የቆርቆሮ ጠርዝና ምስማር ብዙ መዳፍ ቀዷል። የመታው ልጅ ራሱ በር ያንኳኳና «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ኳሳችን ገብታብን ነው፤ ይስጡን» ይላል። የማይጫወቱበት ጊዜና ቦታም አለ፦ ለቅሶ ባለበት ቤት አጠገብ፣ የታመመ ሰው ደጃፍና የሰው ማረፊያ ሰዓት ላይ አይጫወቱም። ይህን የማይጠብቅ ቡድን ኳሱ በቢላ ተቀድዳ ስትመለስለት መገረም የለበትም።

ከኳሷ የተረፈ የከመነዳሪ ጥብጣብ ለሱዚ ይሆናል። ጥብጣቦቹን ቋጥራችሁ ዙሪያው ከአራት እስከ አምስት ሜትር የሆነ ቀለበት ሥሩ። ሁለት ልጆች ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ወጥረው ይቆማሉ፣ ሦስተኛዋ ትዘላለች። ስታልፍ ወደ ጉልበት፣ ከዚያ ወደ ወገብ ከፍ ይላል። ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱን ጫፍ የእንጨት ምሰሶ ይይዝላቸዋል። ቋጠሮዎቹ አጫጭር ይሁኑ፤ ረጅም ጫፍ እግር ይጠልፋል።

ኳሷ ስታረጅ አትጣሏት። መጀመሪያ የሚያልቀው የላይኛው ካልሲ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀለም መታየት ሲጀምር ስፌቱን በምላጭ ፈትታችሁ አውልቁትና አዲስ አልብሷት። በተቀደደው ላይ ሌላ እየደራረባችሁ ብትሄዱ ግን ዙሪያዋ ከ50 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ትከብዳለች፣ ትናንሾቹም መምታት ያቅታቸዋል። ልብሷ በጊዜው ከተቀየረ ከካልሲው በታች ያለው ጥምጥም ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።