«ሞተሩ ይውረድ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ለኩ

የአባቴ ኮሮላ ዲኤክስ የ1982 ሞዴል ነው። ሞተሩ 4ኬ ነው፤ 1,290 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ በካርቡሬተር የሚሠራ። አምና ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ጉልበት አጣ። ቢሾፍቱ ሳንደርስ ውሃ አፈላ። የወሰድኩት ጋራዥ ድምፁን ሰማና «አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ፤ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ይታደስ ማለቱ ነው። ምንም ሳይለካ! አስጎትቼ አዳማ፣ ገንደ ጋራ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ አቆምኩት።

የሚያስፈልጋችሁ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት መለኪያ ጌጅ ነው። ከሌላችሁ ተዋሱ። ሞተሩን ትንሽ አሙቁና አጥፉት። ብልጭታ የሚሰጡትን አራቱንም ካንዴላ ፍቱ። ለካንዴላዎቹ ኃይል ወደሚሰጠው ቦቢና የሚገባውን ቀጭን ሽቦ ንቀሉ፤ ይህን አትዝለሉ፣ ከቀዳዳው የሚወጣው ቤንዚን በብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ጌጁን በየካንዴላው ቀዳዳ በተራ ግጠሙ፤ አንድ ሰው ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦ የሞተር ማስነሻውን ሞተሪኖ ያዙር። አምስት ስድስት ጊዜ ከመታ በኋላ ቁጥሩን ጻፉ። ባትሪው ደካማ ከሆነ ግን ልኬቱን አትመኑት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባህር ጠለል የተጻፈ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ባህር ዳርቻ 160 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እኛ ጋ 130 ገደማ ቢያሳይ አትደንግጡ። ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። ትንሹ ከትልቁ 75 በመቶ በታች ከወረደ ችግር አለ።

የእኔ 132፣ 85፣ 80፣ 130 አመጣ። ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ጎረቤታሞቹ ማለት ነው። በሁለቱም አንድ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጌ ደግሜ ለካሁ። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ከፍ ቢል ኖሮ ፋሻ የምንለው የፒስተን ቀለበት አልቋል ማለት ነበር፤ ያኔ እውነትም ሞተር ይወርዳል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ዝቅ ብሎ በዘይት ካልተሻለው ቫልቩን ጠርጥሩ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ከሆኑ ግን ብዙ ጊዜ በመካከላቸው የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጋስኬት (ማሸጊያ) ተቃጥሎ ነው። እኔም ያገኘሁት ይህንኑ ነው።

ቴስታታ የሚፈታው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። የ4ኬ ቴስታታ አልሙኒየም ስለሆነ በትኩስነቱ ከተፈታ ይጣመማል። ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል፣ ትንሽ በትንሽ አላሉ። ቫልቭ የሚያንቀሳቅሱትን ዘንጎች፣ ፑሽ ሮዶቹን፣ በካርቶን ላይ በተራ ሰክታችሁ ቁጥር ጻፉባቸው። ሥራውን በጠዋት ጀምሩ። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። እኔ የእናቴን ንጹህ አንሶላ ነበር ያለበስኩት።

ቀጥ ያለ ብረት ቴስታታው ላይ አጋድማችሁ በስሩ ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት አስገቡ። 0.05 ሚሊ ሜትር ካሳለፈ ማሽን ቤት ይላጭ። አዲሱን ጋስኬት ስትገጥሙ ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። በእጅ ግምት የሚያጠብቅ ሰው ካለ አስቁሙት። የቫልቩንም ክፍተት እንደገና አስተካክሉ።

ጋስኬት ቀይሬ ልጨርስ ነበር፤ ደግነቱ ራዲያተሩን አየሁት። ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ስንሞላው ግማሽ ቱቦው በነጭ ዝቃጭ ተደፍኗል። ጋስኬቱን ያቃጠለው ሙቀት የመጣው ከዚያ ነው። ራዲያተሩን አስፈትቼ አሳጠብኩ፣ ቴርሞስታቱን ቀየርኩ፣ የተጣራ ውሃና ኩላንት ሞላሁ።

መጀመሪያ ሞጆ ደርሼ ተመለስኩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ውሃው እንደሞላ ነው፣ ዘይትም አልተቀላቀለበትም። በሳምንቱ አባቴን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ወጣሁ።