በረመዳን ጤናንና ትምህርትን አጣጥሞ ለመያዝ፦ ለጎንደር ተማሪዎች

በረመዳን ተማሪን ይበልጥ የሚያዳክመው ረሃቡ ሳይሆን የእንቅልፍ መቆራረጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎንደር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ርዝመት በየወቅቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ከፈጅር (ከንጋት) እስከ መግሪብ (ፀሐይ መጥለቂያ) ያለው ጾምም ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህም ለጤነኛ ወጣት የሚቻል ነው። የሚጎዳው ከተራዊህ (የረመዳን የማታ) ሰላት በኋላ በስልክና በጨዋታ እስከ እኩለ ሌሊት አምሽቶ፣ ለሱሁር (ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ) ተነሥቶ፣ እንቅልፍ ሳይጠግቡ ወደ ጠዋት ክፍል መሄድ ልማድ ሲሆን ነው።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ሌሊቱን አደራጁ። ከተራዊህ እንደተመለሳችሁ ተኙ፤ ለሱሁር ስትነሡ ከፈጅር ሰላት በኋላ ያለውን ጸጥተኛ ሰዓት ለከባዱ ትምህርት ስጡት፤ ሰውነት ምግብና ውኃ አግኝቶ አእምሮ የሚነቃው ያኔ ነውና። ከዙህር (ከቀትር ሰላት) በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አረፍ ማለት፣ ማለትም ቀይሉላ፣ የሌሊቱን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ ከዚያ በላይ ከረዘመ ግን የማታውን እንቅልፍ ያሸሻል። አስር ከሚባለው የከሰዓት ሰላት በኋላ ትኩረት ስለሚቀንስ ማስታወሻ መገልበጥን የመሰለ ቀላል ሥራ ለዚያ ይቆይ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከቡና መቋረጥ የሚመጣ ነው። ቡና የለመደ ተማሪ ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ሲኒውን እየቀነሰ ቢመጣ ብዙ ይቀልለዋል። በጎንደሩ አዲስ ዓለም ሰፈር ከኢፍጣር (ከጾም መፍቻ) በኋላ የሚፈላውን ቡና ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የካፌይኑ ግማሽ ያህል ቡናው ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ አንዱን ሲኒ በጊዜ ጠጥቶ መተው ይበጃል።

በቅርብ ዓመታት ረመዳን የዋለው በየካቲትና በመጋቢት፣ በደረቁና በሞቃቱ ወቅት ነው። ውኃን በኢፍጣር አንድ ጊዜ ከመሙላት ይልቅ እስከ ሱሁር ከፋፍላችሁ ጠጡ፤ ሽንት ከጠቆረ ውኃው አልበቃም ማለት ነው። ቴምርና ውኃ ቀምሶ መግሪብን ሰግዶ ወደ ሾርባ መሄድ ሆድን አያስጨንቅም፤ ሳምቡሳ ግን በዘይት የተጠበሰ ስለሆነ ጥቂት ይበቃል። ለሱሁር ቅንጬ ወይም እንጀራ በምስር ረጅም ሰዓት ያቆያል፤ ጨውና በርበሬ የበዛበት ወጥ ጥም ያመጣል። ዐቢይ ጾም በተመሳሳይ ወቅት ሲውል የተማሪዎች ካፌ ሽሮና ምስር ስለሚያቀርብ፣ ሥጋ ጠፋ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ጥራጥሬ በፕሮቲን የበለጸገ ነው።

የታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ እንዲችል ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ፈቅዷል፤ ይህን ፈቃድ እንደ ድክመት የሚቆጥሩ ወጣቶችን ሳይ እጅግ አዝናለሁ። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጨጓራ ቁስለት መድኃኒት የሚወስድ ተማሪ ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱን ሰዓትም በራሱ አይቀይር። የስኳር ሕመምተኛ እንዲጾም ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን መለካቱ ጾምን አያፈርስም፤ ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ግን ወዲያውኑ ማፍረስ አለበት። አብሮት የሚኖር ጓደኛው፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ መንቀጥቀጥና ቀዝቃዛ ላብ የስኳር ማነስ ምልክቶች መሆናቸውን አስቀድሞ ይወቅ፤ ስኳርም በመኝታ ክፍሉ ውስጥ በቅርብ ይቀመጥ።