ልጄ ከእኔ መሸሽ ያቆመችው እንዴት ነው
የሁለት ዓመት ልጄ በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ናት። በሳምንት አንዴ ላያት ስሄድ አሳዳጊዋ ቀሚስ ሥር ትደበቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ገና ከበር እንደገባሁ አንስቼ ልስማት እታገላለሁ፣ በየጊዜውም አዲስ አሻንጉሊት አመጣለሁ።

ያንን ተውኩት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሁልጊዜ ያችኑ ቀይ ኳስ ዝም ብዬ ማንከባለል ጀመርኩ። በሦስተኛው ጉብኝት በእግሯ መለሰችልኝ። ሰዓቱንም ከቀን እንቅልፏ በኋላ አደረግነው (ለካ ግማሹ ለቅሶ የእንቅልፍ ኖሯል!)። ሳታየኝ ሹልክ ብዬ መውጣቴንም አቆምኩ፤ "ቻው፣ ተመልሼ እመጣለሁ" እላታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ አሳዳጊዋ ታባብላታለች። ጠረኔ እንዳይጠፋት የአንገት ሻርፔን ሳላጥበው ተውኩላት። ባለፈው ሳምንት እሱን እየጎተተች በር ላይ ጠበቀችኝ።