የቦርቦን ውስኪዎችን ጣዕም ለማነጻጸር፦ ለጅማ ቀማሾች የተዘጋጀ መመሪያ

የታጠበ ቡናን ከጀንፈል ቡና በሽታ ብቻ የሚለይ ሰው በየሰፈሩ በሚገኝባት ጅማ፣ ቦርቦን ውስኪን ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ግማሹን ሥራ ቀድሞ ያውቀዋል። የሚቀረው የጣዕሙ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ መረዳትና ውስኪዎቹን በእኩል ሁኔታ አስቀምጦ መቅመስ ነው።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ ውስኪ ቦርቦን የሚባለው እዚያው አገር ሲሠራ፣ ከተጠነሰሰው እህል ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ሲሆን፣ ኦክ ከተባለ ዛፍ እንጨት በተሠራና ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ በርሜል ሲቀመጥና ከ40 በመቶ ባላነሰ የአልኮል መጠን ሲታሸግ ነው። ማቅለሚያም ሆነ ማጣፈጫ አይጨመርበትም። ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር የሚመስለው ጣዕም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚሁ በርሜል ስለሆነ ሁሉም ቦርቦኖች ይብዛም ይነስም ይጋሩታል፤ ማስታወሻዎ ላይ «ቫኒላ አለው» ብለው ቢጽፉ አንዱን ከሌላው አልለዩም ማለት ነው።

ዋናው መለያ ከበቆሎው ቀጥሎ የሚገባው እህል ነው። አብዛኞቹ ጠማቂዎች ከገብስ ብቅል ጋር ራይ የተባለውን ስንዴ መሰል እህል ይጨምራሉ፤ እርሱም ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ወደ ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ የሚያደላ ጣዕም ይሰጣል። ሜከርስ ማርክ በራይ ፈንታ ስንዴ ስለሚጠቀም ለስለስና ጣፈጥ ይላል። ፎር ሮዝስ በበኩሉ ሁለት የእህል ድብልቆችንና አምስት የእርሾ ዓይነቶችን እያዛመደ አሥር ዓይነት ውስኪ ያወጣል፤ ከድብልቆቹ አንዱ 35 በመቶ ራይ አለው። ጅማ ላይ ብዙ ዓይነት ቦርቦን በአንድ ጊዜ ማግኘት ስለማይቀል፣ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ማስመጣት ከቻሉ አንዱ ባለ ስንዴ፣ ሌላው ባለ ራይ ይሁን። እርስ በርስ የሚቀራረቡ አምስት ጠርሙሶችን ከመደርደር ይህ እጅግ የተሻለ ያስተምራል። በየመጠጥ ቤቱ የሚታወቀው ጃክ ዳንኤልስ በርሜል ከመግባቱ በፊት በሜፕል እንጨት ከሰል የሚጣራ የቴነሲ ውስኪ ነውና ለመጀመሪያው ቅምሻ ባይቀላቀል እመርጣለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የአልኮሉን መጠን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ዋይልድ ተርኪ 101 የአልኮል መጠኑ 50.5 በመቶ፣ ሜከርስ ማርክ 45 በመቶ፣ ጠርሙሱ ላይ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ጂም ቢም ደግሞ 40 በመቶ ነው። እንዳሉ ከተቀመሱ ብርቱው ውስኪ ገና ከመጀመሪያው ጎልቶ ስለሚወጣ፣ የሚነጻጸረው ጣዕሙ ሳይሆን የማቃጠል ኃይሉ ይሆናል። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይግዙና በ30 ሚሊ ሊትር ዋይልድ ተርኪ ላይ 8 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በ30 ሚሊ ሊትር ሜከርስ ማርክ ላይ 4 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ሽታ የሌለው የታሸገ ውሃ ይጨምሩ፤ ሦስቱም 40 በመቶ አካባቢ ይገናኛሉ። ሳይቀጠን ያለውን ጣዕም ማወቅ ከፈለጉ ንጹሑን መጨረሻ ላይ ለብቻው ይቅመሱት።

የሚቀምሱበት ክፍል ዕጣን ያልተጨሰበት፣ ቡና ያልተቆላበት ይሁን፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ከተበላ በኋላም ጥቂት ሰዓት መቆየት ይገባል። ከገበያ ጥቂት ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቅርንፉድ፣ የተቆላ በቆሎና ማር ገዝተው በትንንሽ ሳህኖች ከብርጭቆዎቹ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ለአንድ ሽታ ስም ሲያጡ ተነሥተው ሳህኖቹን ያሽቱና ይመለሱ። ከባዕድ አገር የጣዕም ሰንጠረዥ የተገለበጠ፣ ቀምሰነው የማናውቀው የፍራፍሬ ስም ከመጻፍ «ከቅርንፉድ ይልቅ ወደ ጥምዝ ያደላል» ማለት የበለጠ እውነተኛና ለጓደኛም የሚገባ ነው።

ብርጭቆዎቹ አንድ ዓይነትና አፋቸው ጠበብ ያለ ይሁኑ። ሌላ ሰው ቀድቶ ከሥራቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ምልክት ያድርግባቸው፤ የጠርሙሱን ስም አስቀድሞ ያወቀ ምላስ የሚጠብቀውን ያገኛልና። ቡና ቀማሾች አፍንጫቸውን ወደ ስኒው አስጠግተው ማሽተት፣ ከማንኪያም በኃይል መሳብ ልምዳቸው ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም አይሠሩም፤ የአልኮሉ ትነት አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ጉሮሮንም ይይዛል። ብርጭቆውን ከአገጭ በታች ይዘው፣ አፍዎን ከፈት አድርገው፣ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያምጡት። የመጀመሪያውን ጉንጭ ለማሟሸት ይጠቀሙበትና ፍርድዎን ከሁለተኛው ይጀምሩ፤ መጀመሪያ ላይ ጣፋጩን፣ መሐል ላይ እህሉን፣ ከዋጡ ወይም ከተፉ በኋላ ደግሞ ምን ያህል እንደሚቆይ ይከታተሉ። አፍ የሚያደርቅ መራራነት ከተሰማዎት ብዙ ጊዜ የበርሜሉ እንጨት የበረታበት ውስኪ ነው። መትፋት ነውር አይደለም፤ ሙያው በሚጠይቀው ልክ ንቁ ሆኖ ለመቆየት ግድ ነው፤ የቀመሰም ሰው መኪና አይንዳ።

ምልክቶቹ ከመገለጣቸው በፊት እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግምት ይጻፍ። ባዶዎቹን ብርጭቆዎች ሳያጥቡ ያሳድሯቸውና ጠዋት ያሽቷቸው፤ አልኮሉ ስለሚተን የእንጨቱና የእህሉ ሽታ ይበልጥ ተለይቶ ይወጣል፣ ማታ ያከራከሩ ሁለት ብርጭቆዎችም ብዙ ጊዜ የሚለዩት ያን ጊዜ ነው። በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ይድገሙት፤ በሁለቱም ቀን የጸናውን ማስታወሻ ብቻ ይያዙ።